መስማት በተሳናቸው ልጆች ዓይን ውስጥ የምፈልገው

ከተወለደ ጀምሮ የማይሰማ ልጅ የእይታ መለኪያ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ጎበዝ ነው። የምልክቱ እግር ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ በጣቱ እያሳየ እስከ መጨረሻዋ ትንሿ ረድፍ ይወርዳል። ካርዱ ላይ 6/6 ይጻፍለትና «ዓይኑ ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። ያው ልጅ ሲወጣ በሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ ወንበር በቅልጥሙ ይመታዋል። እንዲህ ሲሆን እኔ ከሰሌዳው ይልቅ ወንበሩን አምናለሁ።

ሰሌዳው የሚለካው የሬቲናን መካከል፣ ማኩላ የምንላትን ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። በኡሸር ሲንድሮም የሚጠቃ ዓይን ደግሞ መጉደል የሚጀምረው ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ማንም ፊደል በማያነብበት ቦታ ላይ ነው። ልጁ የመስማት ችግሩን ይዞ ይወለዳል፤ ዓይኑ ግን በልጅነቱ ደህና ይመስላል። ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ የምሽት እይታው ይደክማል፤ ቀጥሎ የጎን እይታው እየጠበበ ይሄዳል፤ መካከሉ እስከ መጨረሻው ድረስ ተርፎ ሁሉንም ያታልላል። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከመቶ ከ3 እስከ 6 የሚሆኑት ይህ ሲንድሮም እንዳለባቸው ይገመታል። መስማት የተሳናቸውን በሚያስተምር አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ግቢ ቆሞ ይህን ቁጥር የሚያስብ ሐኪም በቀላሉ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ነገሩ ለሙያችን አዲስ አይደለም። ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጥ ማሳየት የሚችለውን መሣሪያ ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ገና አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1858፣ አልብሬክት ፎን ግሬፌ መስማት በተሳነው ሰው ሬቲና ላይ ጥቁር ቀለም ተበትኖ ማየቱን ጻፈ። በ1861 ደግሞ ተማሪው ሪቻርድ ሊብራይክ በበርሊን የሚኖሩ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች መርምሮ የሁለቱን ሕመሞች ዝምድና አሳየ። ሲንድሮሙ ስሙን ያገኘው ግን በአበርዲን ይሠራ ከነበረው ከስኮትላንዳዊው የዓይን ሐኪም ከቻርልስ ኡሸር ነው፤ እሱም በ1914 በሽታው በዘር እንደሚተላለፍ አጽንቶ ጻፈ። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የማደንቀው ሊብራይክን ነው። በሽተኛው «ማየት አቃተኝ» ብሎ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ የማይሰሙ ሰዎችን ዓይን ራሱ ፈልጎ አየ።

ወደ እኛ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ሌሎቹ ናቸው። ዋርደንበርግ የሚባል ሌላ ሲንድሮም አለ፤ ልጁ የማይሰማ ሆኖ አንዱ ወይም ሁለቱም ዓይኖቹ ደማቅ ሰማያዊ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ ቤተሰቡ በድንጋጤ ይዞት ይሮጣል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከሩቅ ገጠር ሳይቀር መኪና ተከራይተው ይመጣሉ። ሬቲናውን አይቼ ቀለሙ የሳሳ ከመሆኑ በቀር ዓይኑ እንደሚያይለት ነግሬ በደስታ እሸኛቸዋለሁ። ቡናማ፣ የሚያምር፣ ምንም የማይታይበት ዓይን ያለውን ልጅ ግን ማንም አያመጣውም። እየጨለመበት ያለው እሱ ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ ሥራዬ የሚጀምረው መብራት ከማንሳቴ በፊት፣ ከእናትየው ጋር በሚደረግ ወሬ ነው። «ማታ ማታ ያያል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይረባም። ልጁ ሌላው ሰው በምሽት ምን ያህል እንደሚያይ አያውቅም፤ እናቱም የልጇን መደናበር ከአለመስማቱ ጋር አያይዛ ለምዳዋለች። የምጠይቀው ሌላ ነው። ፀሐይ ስትገባ ከጓደኞቹ ቀድሞ ወደ ቤት ይገባል? መንገድ ላይ ሲመሽባችሁ ነጠላዎን ይይዛል? መብራት ሲጠፋ ባለበት ደርቆ ይቀራል? ኳስ ከጎን ሲመጣለት ያመልጠዋል? ወለል ላይ የተኛ ታናሹን ይረግጣል? አንዲት እናት እንዲህ ስጠይቃቸው ቆይተው፣ «ዶክተር፣ ሲመሽ እኮ እንደ ዶሮ ነው፤ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ የሚያኮርፍ እየመሰለን» አሉኝ። ከዚያች ዓረፍተ ነገር በኋላ ሬቲናው ላይ ምን እንደማገኝ አውቄ ነበር።

ሌላዋ ጥያቄ ምንም ወጪ የላትም፤ ግን ከብዙ መሣሪያ ትበልጣለች፦ «በስንት ጊዜው ነው የሄደው?» የሲንድሮሙ የመጀመሪያው ዓይነት፣ ከባዱ፣ የሚሰማውን የውስጥ ጆሮ ብቻ ሳይሆን የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀውንም ክፍል ይጎዳል። እንዲህ ያለ ልጅ ዘግይቶ ይቀመጣል፤ አንድ ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ ነው የሚሄደው። እናቶች ይህን አይረሱም። በቅቤ አሽተውታል፤ ፀሐይ አሙቀውታል፤ «እግሩ ሰነፈ» ተብለዋል። ሳይሰማ ተወልዶ ዘግይቶ የሄደ ልጅ ካለ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ዓይኑ መመርመር አለበት ብዬ አምናለሁ። በሁለተኛው ዓይነት ሚዛኑ ደህና ነው፤ መስማቱም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የምሽት እይታ መድከሙም የሚጎላው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከእነዚህ ይልቅ ብርቅ ነው፤ ሰውየው እየሰማ አድጎ መስማቱም ማየቱም አብረው ይቀንሱበታል።

ከዚህ በኋላ ምርመራው አለ፤ ስለ እሱ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለሚሰማ ሰው ብለን የለመድነው አሠራር ለማይሰማው ጭካኔ ይሆናል። ሬቲና የሚታየው በጨለማ ክፍል ነው። መብራቱን ሳጠፋ ለሚሰማው በሽተኛ «ወደ ላይ ይመልከቱ፣ ወደ ግራ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የማይሰማው ልጅ ግን መብራቱ ሲጠፋ ቋንቋው አብሮ ይጠፋበታል፤ ኡሸር ካለበት ደግሞ ለሌላው የሚበቃው ጭላንጭል ለእሱ ድፍን ጨለማ ነው። በዚያ ላይ የማያውቀው ሰው ራሱ ላይ ባሰረው መብራት ዓይኑን ያበራበታል። ልጁ ቢታገል ምን ይገርማል?

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ብሌኑን የሚከፍተው ጠብታ ከመደረጉ በፊት፣ ክፍሉ ብሩህ ሳለ፣ የምንሠራውን ሁሉ በምልክት ቋንቋ አስቀድመን ተነጋግረን እንጨርሳለን። የቀኝ ትከሻውን ስነካ ወደ ቀኝ፣ የግራውን ስነካ ወደ ግራ፣ ግንባሩን ስነካ ወደ ላይ፣ አገጩን ስነካ ወደ ታች እንዲያይ እንስማማለን፤ እሱም ጉልበቴን መታ ካደረገ ወዲያው አቆማለሁ። መጀመሪያ እሱ መሣሪያውን አድርጎ የእኔን ዓይን እንዲያይ እፈቅድለታለሁ። ክፍሉንም ፈጽሞ አላጨልመውም፤ አስተርጓሚው ፊትና እጅ ላይ የሚወድቅ አንድ መብራት ይቀራል። ሲያልቅ ወዲያው ማውራት አይቻልም፤ በጠንካራ ብርሃን የተመታ የታመመ ሬቲና ወደ ልኩ ለመመለስ ረጅም ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዝም ብለን አብረን እንቀመጣለን።

የአስተርጓሚው አቋቋም ራሱ ሙያ ነው። የጎን እይታው ለጠበበ ሰው ተጠግቶ የሚያስተረጉም ሰው ግማሹን ቃል ከእይታው ውጪ ይጥልበታል፤ እጆቹ ፊቱ አጠገብ ተሰብስበው እንዲታዩ ትንሽ ወደ ኋላ መራቅ አለበት። ልብሱ አንድ ቀለም ያለውና ከቆዳው ቀለም የሚለይ ይሁን፤ መስኮቱን ወደ ኋላው አድርጎ አይቁም። እነዚህን ያስተማሩኝ በሽተኞቼ ናቸው። አንድ ወጣት ወደ ምልክት ቋንቋ አስተማሪው እየተጠጋ ሳይሆን እየሸሸ ሲያወራ አይቼ፣ የእይታ ክልሉ ምን ያህል እንደጠበበ ከማሽኑ በፊት ተረድቻለሁ።

ብሌኑ በጠብታ ከተከፈተ በኋላ በእጄ የምይዘው ባለ 20 ዳዮፕተር ሌንስ ነው። በእሱ ውስጥ የሚታየው ሁሉ የተገለበጠ ነው፤ ላዩ ታች፣ ቀኙ ግራ። ተማሪ ሐኪሞች ወደ ማኩላ ይቸኩላሉ። እኔ ከነርቩ ራስ ተነስቼ የደም ሥሮቹን ተከትዬ ወደ ውጭ እሄዳለሁ። በኡሸር የገፋ ሬቲና ላይ ሦስት ነገሮች አብረው ይገኛሉ፦ የነርቩ ራስ ሰም የመሰለ ንጣት ይዞ ይገረጣል፤ የደም ቅዳ ሥሮቹ ይቀጥናሉ፤ ከመካከሉ ራቅ ብሎ ደግሞ የአጥንት ስንጣሪ የሚባሉት ጥቁር ነጠብጣቦች የደም ሥሮቹን ታከው ይበተናሉ። ጥቁሩ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ከሬቲናው ሥር ያለው ባለ ቀለም የሴል ንጣፍ ከላዩ ያሉት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ሲሞቱ ቦታውን ለቆ ወደ ውስጥ ይሰደዳል፤ እዚያም በደም ሥሩ ዙሪያ ይሰፍራል።

እነዚህ ሦስቱ ተሟልተው ሲገኙ ማንም አይስተውም፤ ያን ጊዜ ግን ብዙ ዓመት ባክኗል። ቶሎ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ጥቁሩን ቀለም መጠበቅ የለበትም። በልጅ ዓይን መጀመሪያ የሚታየው የዳሩ ሬቲና መደብዘዝ፣ ብል የበላው የሚመስል መሳሳትና የደም ሥሮቹ ትንሽ መቅጠን ነው። የእኛ ሰው ሬቲና መደቡ ጠቆር ያለ በመሆኑ ይህ መሳሳት በቀላሉ ያመልጣል፤ ለዚህ ነው ዓይኔን ከቀለሙ ይልቅ ከደም ሥሮቹ ውፍረት ላይ የማላነሳው። የሬቲናን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካው ኢአርጂ የተባለው ምርመራ ባለበት ቦታ፣ ሌንሱ ምንም ሳያሳይ ማሽኑ አስቀድሞ መዳከሙን ይናገራል። እንዲህ ያለ ማሽን በሌለበት ደግሞ የእናትየው ወሬ፣ የጎን እይታን ለመፈተን በትከሻ በኩል ከኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ እጅና ትዕግሥት አሉ።

ጉዳቱ ለምን ከዳር ይጀምራል? በአንድ ዓይን ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ሮድ የተባሉ ሴሎች 120 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን የሚያዩት ኮኖች 6 ሚሊዮን ያህል ብቻ። በማኩላዋ እምብርት ላይ ያሉት ኮኖች ናቸው። በሽታው መጀመሪያ የሚያጠፋው ሮዶችን ነው፤ እነሱ ደግሞ ከመካከሉ ውጪ ቀለበት ሠርተው ተጨናንቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ዳፍንቱ ይቀድማል፤ ከዚያም በእይታው ክልል ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድለት ይወጣል፤ ሮዶቹ ካለቁ በኋላ ኮኖቹም መሞት ይጀምራሉ።

ጆሮና ዓይንን ምን አገናኛቸው የሚለው ለእኔ ሁልጊዜ የሚያስደንቅ ነገር ነው። በውስጥ ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አናታቸው ላይ ረድፍ ረድፍ ሆነው የቆሙ ጥቃቅን ፀጉሮች አሏቸው። እነዚያን ፀጉሮች አስተሳስረው የሚያቆሙት ፕሮቲኖች በብርሃን ተቀባይ ሴል ውስጥም አሉ፤ በሴሉ ሁለት ክፍሎች መካከል ባለችው ቀጭን መተላለፊያ አካባቢ ያገለግላሉ። ከእነሱ አንዱን የሚሠራው ዘረመል ሲበላሽ ጆሮው ገና በማህፀን ሳለ ሳይሰናዳ ይቀራል፤ የዓይኑ ሴል ግን ተሠርቶ፣ ሠርቶ፣ ቀስ በቀስ ይደክማል። በመጀመሪያው ዓይነት በብዛት የሚበላሸው ማዮሲን ሰባት ኤ የተባለው ፕሮቲን ዘረመል የታወቀው በ1995 ነው።

ዳፍንት ሁሉ ኡሸር አይደለም፤ የማይሰማ ልጅ ሬቲና ላይ የሚገኝ ነጠብጣብም ሁሉ እንዲሁ። በአገራችን የዳፍንት ምክንያት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ መታሰቡም ተገቢ ነው፤ በጊዜው ከታከመ ይድናልና። የነጩ የዓይን ክፍል መድረቅና በላዩ የሚታይ አረፋ መሰል ነጭ ምልክት ወደዚያ ይመራሉ። ከባዱ መለየት ከጀርመን ኩፍኝ፣ ከሩቤላ ጋር ነው። እናትየው በእርግዝናዋ መጀመሪያ ወራት በሩቤላ ከተያዘች ልጁ ሳይሰማ፣ በዓይን ሞራ፣ በልብ ጉድለት ሊወለድ ይችላል፤ ይህን ዝምድና መጀመሪያ ያስተዋለው በ1941 የሲድኒው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነው። የእነዚህ ልጆች ሬቲና ጨውና በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። የሚያስፈራ መልክ አለው፤ ግን የደም ሥሮቹ አይቀጥኑም፤ የኤሌክትሪክ ምላሹም በአብዛኛው ደህና ነው፤ እይታውም እንደ ኡሸር እየጠበበ አይሄድም። አንዱን ከሌላው የማይለይ ሐኪም ለአንዱ ቤተሰብ ያለ ምክንያት ዓይነ ስውርነትን ይተነብያል፤ ለሌላው ደግሞ በሐሰት ያረጋጋል።

ጣቶችንም አያለሁ። ባርዴት ቢድል በሚባለው ሲንድሮም ሬቲናው ከኡሸር ጋር የሚመሳሰል መበላሸት አለው፤ ልጁ ግን በአብዛኛው ይሰማል፤ ከመጠን በላይ ይወፍራል፤ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል፤ ትርፍ ጣትም ይዞ ሊወለድ ይችላል። ትርፍ ጣት እኛ ዘንድ ገና በአራስነት በክር ታስሮ ወይም ተቆርጦ ስለሚወገድ፣ መፈለግ ያለበት ጣቱ ሳይሆን ከትንሿ ጣት ጎን የቀረችው ጠባሳ ናት።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እመጣለሁ፤ ወደ መናገር። የአብዛኞቹ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ልመና «ለእሱ አይንገሩት» ነው። አስተርጓሚ ሆና የመጣችው ደግሞ ብዙ ጊዜ እህቱ ናት፤ እያለቀሰች እጇን ታቆማለች፤ ወጣቱ በእኛ ከንፈርና ፊት ላይ የራሱን ፍርድ ለማንበብ ይጣጣራል። ይህን አልቀበልም። ለእንዲህ ያለው ቀን ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ፣ የምልክት ቋንቋ በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንዲገኝ አደርጋለሁ። ዕድሜው ለደረሰ ወጣት ስለ ዓይኑ የምናገረው ለራሱ ነው፤ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ። ለሕፃኑ ደግሞ ወላጆቹ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚነግሩት አብረን እንማከራለን። ቋንቋው በዓይኑ ያለ ሰው ዓይኑ ላይ የሚሆነውን ከማንም በፊት የማወቅ መብት አለው።

እናቶች ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ይወስዳሉ። «በእርግዝናዬ ምን አድርጌ ነው?» ይላሉ። ምንም አላደረጉም። ዘረመሉ ከአባትም ከእናትም እኩል የመጣ ነው፤ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ተሸክመው ኖረዋል፤ ሁለቱን ቅጂ የወረሰው ልጅ ብቻ ይታመማል፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ሁለቱም የተበላሸውን ቅጂ የመሸከማቸው ዕድል ይጨምራል፤ ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት ልማዳችን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ማንም ቤተሰብ ሊወቀስበት አይገባም። ወደ ጸበል መሄድ የሚፈልጉትን አልከለክልም። የምለምነው ልጁን ሲመሽ ብቻውን እንዳይተዉትና ቀጠሮውን እንዳያቋርጡ ነው።

መድኃኒት አለ ወይ ለሚለው መልሴ ግልጽ ነው፦ መበላሸቱን የሚያቆም ሕክምና እስካሁን የለም። በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው የሬቲና የዘረመል ሕክምና ለሌላ ዘረመል የተሠራ ነው፤ ለኡሸር አይሆንም። በብዛት የሚበላሹት የኡሸር ዘረመሎች ግዙፍ መሆናቸው ራሱ እንቅፋት ነው፤ ሕክምናውን ተሸክሞ ወደ ሴሉ የሚገባው ቫይረስ ከሚችለው በላይ ናቸው። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኤ ለዓመታት ሲመከር ቆይቷል፤ ጥቅሙ አከራካሪ ነው፤ ጉበትን ሊጎዳ፣ በእርግዝና ጊዜም ፅንስን ሊያበላሽ ይችላል። ከመደብር ገዝቶ በራስ ፈቃድ መውሰድን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ይህ ማለት ግን የሚሠራ ነገር የለም ማለት አይደለም። ማኩላው ውሃ ቋጥሮ ሲያብጥ አሴታዞላማይድ ሊያግዝ ይችላል፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ በወጣትነት የሚመጣው የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ሁለተኛው ዓይነት ያለባቸው በመስማት ማገዣ ይጠቀማሉ፤ የመጀመሪያው ዓይነት ላለበት ሕፃን ደግሞ በውስጥ ጆሮ የሚተከለው መሣሪያ የሚጠቅመው በሕፃንነቱ ሲደረግ ነው። ለዚህ ነው ቶሎ ማወቅ የሚያስፈልገው። ነጭ በትር፣ ብሬል፣ በእጅ ውስጥ የሚነገር የምልክት ቋንቋ፣ ሁሉም እይታው ሳለ ቢጀመሩ ይቀላሉ። ቤተሰቧ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሆነው፣ በአሜሪካ ተወልዳ ያደገችው ሐበን ግርማ ማየትም መስማትም የተሳናት ሆና በ2013 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቃለች። የእሷ ጉዳት ከኡሸር የመጣ ነው ብዬ ሳይሆን፣ ቀድሞ የተሰጠ ትምህርት የት እንደሚያደርስ ለወላጆች ለማሳየት ስሟን እጠራለሁ።

መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን፣ የጆሮ ሐኪሞችንና ወላጆችን የምለምነው ይህን ነው። የማይሰማ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው እስከ ዳሩ ይታይ፤ በጉርምስናው ደግሞ ይደገም። መቼ እንደሄደ እናቱን ጠይቁ። ሲመሽ የት እንደሚቀመጥ ተመልከቱ። የሰሌዳው ውጤት 6/6 ቢሆንም ወደ እኛ ላኩት።